የጀርመን ጄኔራል የአገልግሎት ታሪክ እንዴት ይነበባል? ፓውሉስን ይዘን እንሞክረው

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወሬ ሲነሳ ሁለት ሦስት የጀርመን ጄኔራል የማይጠራ የለም። ሮሜል የበረሃው ቀበሮ፣ ጉደሪያን የታንኩ ሰው፣ ፓውሉስ ስታሊንግራድ ላይ እጁን የሰጠው። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ዝም። ሰውየው ከዚያ በፊት የት ነበር? ማን ነበር የሚያዘው? የመራው ጦር እሱ እጅ ከመግባቱ በፊት ምን ሲሠራ ከርሞ ነበር? ፌስቡክና ዩቲዩብ ላይ የሚዞረው አብዛኛው ነገር ማዕረግና ኒሻን ደርድሮ «ታላቁ የጦር ጠቢብ» ብሎ የሚዘጋ ነው።

ስለዚህ የአንድን የጀርመን የምድር ጦር ጄኔራል የአገልግሎት ታሪክ ራሳችሁ እንዴት እንደምታወጡና እንዴት እንደምታነቡት ላሳያችሁ። ምሳሌያችን ፍሪድሪክ ፓውሉስ ነው። የመረጥኩት ስለማደንቀው አይደለም። ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች አብዛኞቹ እሱ ላይ ስለሚገኙ ነው።

ሉሁን አዘጋጁ

ወረቀት ያዙ፣ ኤክሴልም ይሆናል። አምስት ዓምድ በቂ ነው፤ ቀን፣ ማዕረግ፣ ምድብ፣ የቅርብ አለቃ፣ በመጨረሻም «ያ ጦር በዚያ ወቅት ምን ይሠራ ነበር» የሚል። አምስተኛውን ዓምድ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። እናንተ እንዳትዘሉት። ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙት፣ እኔም እዚህ የምጽፈው በዚያው ነው። ወደ እኛ ዘመን ልቀይር ካላችሁ አንዳንዴ ሰባት፣ አንዳንዴ ስምንት ዓመት መቀነስ ይመጣና ሉሁ ይበላሽባችኋል።

ከዚያ ስሙን አጣሩ። ፓውሉስ በብዙ ቦታ «ፎን ፓውሉስ» ተብሎ ታገኙታላችሁ። ስህተት ነው። «ፎን» የመኳንንት ቤተሰብ ምልክት ነው፣ እሱ ደግሞ ሄሰን ውስጥ ከአንድ የሂሳብ ሠራተኛ ቤት ነው የተወለደው፣ በሴፕቴምበር 1890። መርከበኛ መኮንን ለመሆን አመልክቶ አልተቀበሉትም። ማርቡርግ ሕግ መማር ጀመረና ተወው፣ በ1910 ዕጩ መኮንን ሆኖ 111ኛው እግረኛ ሬጅመንት ገባ። «ፎን» የሚለውን ያየሁበት ጽሑፍ ሌላውንም ነገር ሳላጣራ አልወስድለትም። ሌላው ወጥመድ ሞክሼ ነው። የፓውሉስ ኤታማዦር ሹም አርቱር ሽሚት ይባላል፤ በዚያው ጦርነት ሩዶልፍ ሽሚት የሚባል የታንከኛ ጄኔራል አለ። ሁለቱን አንድ ሰው ያደረገ ጽሑፍ ስንት ነው!

ማዕረጉ

እዚህ ላይ የእኛን ማዕረግ ለጊዜው ተዉት። እኛ ዘንድ ጄኔራልነት ከብርጋዴር ጄኔራል ይጀምራል። በዚያን ጊዜው የጀርመን ጦር ብርጋዴር ጄኔራል የለም። ከኮሎኔል ቀጥሎ ያለው ጄኔራልማዮር ነው፤ ስሙን ብቻ ሰምታችሁ «ሜጀር ጄኔራል» ካላችሁት አንድ ደረጃ በነፃ ሾማችሁት ማለት ነው፣ ምክንያቱም ደረጃው ከእኛ ብርጋዴር ጄኔራል ጋር ነው። ቀጥሎ ጄኔራልሎይትናንት ይመጣል፣ የእኛ ሜጀር ጄኔራል። ከዚያ ከነሙያው የሚጠራው አለ፤ የእግረኛ ጄኔራል፣ የመድፈኛ ጄኔራል፣ የታንከኛ ጄኔራል፣ ይህ የእኛ ሌተና ጄኔራል መሆኑ ነው። ከዚያ ጄኔራልኦበርስት፣ ከሁሉ በላይ ፊልድ ማርሻል።

ፎቶ ካገኛችሁ ትከሻውን እዩ። ጄኔራልማዮር ወርቃማና ብርማ ጉንጉን ብቻ ነው፣ ኮከብ የለውም። ጄኔራልሎይትናንት አንድ፣ የሙያው ጄኔራል ሁለት፣ ጄኔራልኦበርስት ሦስት፣ ፊልድ ማርሻል የተጠላለፉ ሁለት በትሮች። «ፓውሉስ በ1941» የሚል ፎቶ ላይ ሁለት ኮከብ ካያችሁ ቀኑ ውሸት ነው፣ ያን ማዕረግ ያገኘው በጃንዋሪ 1942 ስለሆነ።

የእሱን ሹመት ደርድሩት። ጄኔራልማዮር በ1939፣ ጄኔራልሎይትናንት በኦገስት 1940፣ የታንከኛ ጄኔራል በጃንዋሪ 1942፣ ጄኔራልኦበርስት በኖቬምበር 1942 መጨረሻ፣ ፊልድ ማርሻል በጃንዋሪ 30 ቀን 1943። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አስምሩባቸው። ሁለቱንም ያገኘው ተከቦ እያለ ነው። ሹመት ሲባል ሁልጊዜ ሽልማት የሚመስለው ሰው እዚህ ላይ ቆም ይበል። እስከዚያ ቀን ድረስ እጁን የሰጠ የጀርመን ፊልድ ማርሻል አልነበረም፤ ሂትለር ማዕረጉን ሲልክለት ራስህን አጥፋ ማለቱ ነበር። ፓውሉስም ገብቶታል። አላደረገውም፣ በማግስቱ ተማረከ።

ምድቡ

ሰው ማዕረግ ይወዳል እንጂ ዋናው ነገር ያለው ምድቡ ላይ ነው። መጠኑን ልብ በሉ። በጦርነቱ መጀመሪያ አንድ የጀርመን እግረኛ ክፍለ ጦር 17 ሺህ ገደማ ሰው ነበረው። ክፍለ ጦሮች ተሰብስበው ኮር ይሆናሉ፣ ኮሮች ተሰብስበው ጦር፣ ጦሮች ተሰብስበው የጦር ቡድን። በጀርመን ጽሑፍ ላይ ኮሩ በሮማውያን ቁጥር፣ ክፍለ ጦሩ በተራ ቁጥር ስለሚጻፍ 16ኛ ኮርንና 16ኛ ክፍለ ጦርን የምትለዩት በዚያ ነው።

ከመጠኑ በላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ሰውየው አዛዥ ነበር ወይስ የአዛዥ መምሪያ መኮንን? በጀርመን ጦር ኤታማዦር ሹም ማለት የአለቃውን ወረቀት የሚያመላልስ ጸሐፊ አይደለም። ዕቅዱን ያወጣል፣ ትእዛዙን ይቀርጻል፣ አለቃው ግንባር ላይ ሲዞር ጦሩን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። የሆነ ሆኖ «ወደፊት» ብሎ ፈርሞ የሚጠየቀው አዛዡ ነው። ሁለቱ የተለያየ ጠባይ ይፈልጋሉ።

አሁን የፓውሉስን ምድብ ከላይ ወደ ታች አንብቡ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሬጅመንቱ ጋር ፈረንሳይ ነበር፣ ቀጥሎ በተራራ ተዋጊው ኮር መምሪያ ውስጥ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ሻምበል። በሰላሙ ጊዜ ሽቱትጋርት በ13ኛው እግረኛ ሬጅመንት የሻምበል አዛዥ፣ ሮሜልም እዚያው ሬጅመንት ውስጥ ሻምበል ይመራ ነበር። በ1934 የሞተር ተሽከርካሪ ሻለቃ አዛዥ። በ1935 የታንከኛው ዕዝ ኤታማዦር ሹም፣ ጉደሪያንን ተክቶ። በ1938 የ16ኛው ኮር ኤታማዦር ሹም፣ አለቃው ራሱ ጉደሪያን። በ1939 የ10ኛው ጦር ኤታማዦር ሹም፣ አለቃው ቫልተር ፎን ራይሸናው። ከሴፕቴምበር 1940 በምድር ጦር ጠቅላይ መምሪያ የኤታማዦር ሹሙ የፍራንዝ ሃልደር ምክትል። ጃንዋሪ 5 ቀን 1942 የ6ኛው ጦር አዛዥ።

የጎደለውን አያችሁት? ሬጅመንት የለም። ክፍለ ጦር የለም። ኮር የለም። በአዛዥነት የመራው ትልቁ ነገር ያ በሰላም ጊዜ የነበረው ሻለቃ ነው፣ ከዚያ በአንድ ዝላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያለበት ጦር። ይህን ክፍተት የምታዩት ምድቦቹን ደርድራችሁ ስታነቡ ነው፤ ኒሻን በሚደረድር ጽሑፍ ላይ ፈጽሞ አይታይም። ዝላዩን ያመቻቸለት ራይሸናው ነው፤ እሱ ወደ ደቡቡ የጦር ቡድን ሲያድግ የድሮ ኤታማዦር ሹሙ በቦታው እንዲሾም መከረ። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ የተመቻቹ ነበሩ፤ ራይሸናው ጠረጴዛ አይወድም፣ ፓውሉስ ከጠረጴዛ አይነሳም። ግን ፓውሉስ ጦሩን በተረከበ በ12ኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 17፣ ራይሸናው ሞተ። ከላይ ሆኖ የሚደግፈው፣ ጠባዩን የሚያውቀው አለቃ ሄደ። በአንጻሩ ከሥሩ አርቱር ሽሚት የሚባል ቆፍጣና ኤታማዦር ሹም መጣለት፤ ከበባው ውስጥ የነበሩ መኮንኖች ማን ማንን ነው የሚያዘው እስኪሉ ድረስ። ስለዚህ የማንኛውንም ጄኔራል ታሪክ ስታወጡ የኤታማዦር ሹሙን ስም አጠገቡ ጻፉ።

አምስተኛው ዓምድ

ከሁሉ በፊት የጦሩን ቁጥር ተከታተሉ፣ ቁጥር ይቀየራልና። 10ኛው ጦር ከፖላንድ ዘመቻ በኋላ 6ኛ ጦር ተባለ። ያ 6ኛ ጦር ስታሊንግራድ ላይ አለቀ። በማርች 1943 በሌላ አዛዥ፣ በሌሎች ክፍሎች፣ እንደገና «6ኛ ጦር» የሚባል ተቋቋመ። ስለዚህ «በ1944 በ6ኛው ጦር ያገለገለ» የሚል ስታነቡ ስታሊንግራድን አታስቡ።

ቀጥሎ ማንም መጻፍ የማይወደው ነገር አለ። ኦገስት 1941፣ ዩክሬን ውስጥ ቢላ ጼርክቫ የምትባል ከተማ። ወላጆቻቸው የተገደሉባቸው 90 ገደማ አይሁዳውያን ሕፃናት አንድ ቤት ውስጥ ያለ ምግብና ውሃ ተዘግቶባቸዋል። የ295ኛው ክፍለ ጦር መኮንን ሌተና ኮሎኔል ሄልሙት ግሮስኩርት ግድያውን ለማስቆም ሞከረ፣ ጉዳዩን ወደ 6ኛው ጦር ጠቅላይ መምሪያ ላከ። ራይሸናው ግድያው ይቀጥል አለ። ሕፃናቱ ተገደሉ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ሴፕቴምበር 29 እና 30፣ ይኸው ጦር በያዛት ኪየቭ ባቢ ያር ላይ 33,771 አይሁዳውያን ተረሸኑ። ኦክቶበር 10 ራይሸናው ወታደሩ ለዚህ ሁሉ «ሙሉ ግንዛቤ» እንዲኖረው የሚያዝ ትእዛዝ አወጣ።

ፓውሉስ በእነዚህ ቀኖች የት ነበር? ሉሁን እዩ፤ በ6ኛው ጦር ሳይሆን በምድር ጦሩ ጠቅላይ መምሪያ። ስለዚህ «ባቢ ያርን ያዘዘው ፓውሉስ ነው» የሚል ካለ ተሳስቷል። «ፓውሉስ ከዚህ ሁሉ ንጹሕ ነው፣ ወታደር ብቻ ነበር» የሚልም ካለ ያችኑ ረድፍ አሳዩት። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ምን ይሠራ ነበር? የሶቪየት ኅብረትን ወረራ ያቅድ ነበር። ኑረምበርግ ላይ በናዚ መሪዎች ችሎት በፌብሩዋሪ 1946 ራሱ ቆሞ የመሰከረው ይህንኑ ነው፤ በሴፕቴምበር 1940 ሥራውን ሲረከብ የወረራው ረቂቅ እንደጠበቀው፣ በዲሴምበርም የወረቀት ላይ ልምምዱን እንደመራ። ስንቁ የት ላይ እንደሚያልቅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ጥቂት ነበር። በመሃል በ1941 ጸደይ ሮሜል ምን እያደረገ እንደሆነ ለማየት ሊቢያ ድረስ ተልኳል፣ እሷንም ረድፍ አትርሷት።

ስታሊንግራድን በቀን ቁረጡት

ትልቅ ውጊያ ሲያጋጥማችሁ በአንድ ረድፍ አትጨርሱት። ሌላ ሉህ አውጡና ሦስት ነገር ጻፉ፤ ማን ጠየቀ፣ ማን ከለከለ፣ ማን መወሰን ይችል ነበር።

ኖቬምበር 19 ቀን 1942 ሶቪየቶች የሮማኒያ ወታደሮች የያዙትን ጎን መቱ፣ በ23 ካላች አካባቢ ተገናኙና ቀለበቱ ተዘጋ። ሩብ ሚሊዮን ገደማ ሰው ውስጥ ቀረ። ያን ቀን ማታ ፓውሉስ ጥሶ ለመውጣት የመወሰን ነፃነት ይሰጠኝ ብሎ ለሂትለር ቴሌግራም ላከ። በማግስቱ መልሱ መጣ፤ ከቦታህ አትነቃነቅ፣ በአውሮፕላን እናቀርባለን። ከሥሩ የ51ኛው ኮር አዛዥ ቫልተር ፎን ሳይድሊትስ ትእዛዙን ጥሰን እንውጣ ብሎ በጽሑፍ ወተወተ። ወትውቶም አልቀረ፣ በራሱ ሥልጣን ከሰሜኑ መስመር ሲያፈገፍግ 94ኛው ክፍለ ጦር ሜዳ ላይ ተያዘና ተደቆሰ። የሚገርመው ሂትለር ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ሳይድሊትስን የሰሜኑ ግንባር ኃላፊ አደረገው።

አቅርቦቱን በቁጥር ያዙት። ጦሩ በቀን ቢያንስ 300 ቶን ይፈልግ ነበር። በአማካይ የደረሰው የዚያን ግማሽ አልሞላም። ዲሴምበር 12 ከውጭ ማንሽታይን የሚመራው የጦር ቡድን ከበባውን ለመስበር ታንክ ላከ፣ ሚሽኮቫ ወንዝ ድረስ መጣ፣ 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ቆመ። ከውስጥ ጥሶ የመውጣቱ ትእዛዝ ሂትለር ስላልፈቀደ አልተሰጠም፤ ማንሽታይን በራሱ ኃላፊነት አላዘዘም፣ ፓውሉስም በራሱ አልወጣም። በዚያን ሰዓት ታንኮቹ ውስጥ የነበረው ነዳጅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ያስኬዳል የሚል ሪፖርት ነበር። ስለ ዲሴምበር የሚከራከር ሰው ይህን ቁጥር ካልያዘ ክርክሩ የቡና ላይ ወሬ ነው።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ ፓውሉስን ብቻውን መኮነን ይከብዳል። ከላዩ ሁለት አለቃ አለ፣ ደግሞም ከበባው ሰባት የሶቪየት ጦሮችን ያህል እዚያ አስሮ ስለያዘ ካውካሰስ ውስጥ የነበረው ሌላው የጀርመን ጦር ለመውጣት ጊዜ አግኝቷል። ጃንዋሪ ግን ሌላ ነው። ጃንዋሪ 8 ሶቪየቶች እጅህን ስጥ፣ ለቁስለኛ ሕክምና ለሁሉም ቀለብ እንሰጣለን አሉት። እንቢ አለ። ወታደሩ ፈረሱን በልቶ ጨርሶ ነበር። በ10 ጥቃቱ ተጀመረ፣ በ16 ፒቶምኒክ የሚባለው ዋናው አየር ማረፊያ ጠፋ፣ ቁስለኛው በረዶ ላይ ቀረ። ጃንዋሪ 31 ኡኒቨርማግ ከሚባለው ትልቅ መደብር ምድር ቤት ወጥቶ ተማረከ፤ ያኔም ለጦሩ በሙሉ እጅ ስጡ ብሎ አላዘዘም፣ የሰሜኑ ክፍል እስከ ፌብሩዋሪ 2 ተዋጋ። ከተማረኩት 91 ሺህ ያህል ሰዎች አገራቸው የተመለሱት 6 ሺህ አይሞሉም። ሰውየውን መመዘን ያለብን በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ነው ባይ ነኝ።

ኒሻኑ? ሪተርክሮይትስ የሚባለው ከፍተኛ የጀርመን ጦር ኒሻን በኦገስት 1942፣ የዚያው ኒሻን ቀጣይ ደረጃ የሆነው የኦክ ቅጠል ጃንዋሪ 15 ቀን 1943። ጻፉት፣ እለፉ። ጄኔራል ይህን ኒሻን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ጦሩ በሠራው ነው።

ምርኮውንም መዝግቡ፣ ታሪኩ እዚያ አያበቃም። ሂትለርን ለመግደል ከተደረገው ሙከራ በኋላ፣ በኦገስት 1944፣ ከሞስኮ ራዲዮ ላይ ጀርመኖች ሂትለርን ይተዉ ብሎ ተናገረ። ቤተሰቡ ጀርመን ውስጥ ታሰረ። ሶቪየቶች በ1953 ለቀቁት፣ ድሬስደን ኖረ፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1957 እዚያው ሞተ።

ወረቀቱ የት አለ?

የምድር ጦሩ ሰነድ ያለው ፍራይቡርግ፣ በጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብት ወታደራዊ ክፍል ነው። የጄኔራሎች የግል ማኅደር «ፔርስ 6» በሚል ምልክት ተመድቧል፤ ኢንቬኒዮ የሚባለው የፍለጋ ገጻቸው ከቤት ሆናችሁ የሚሠራ ነው። ጀርመን ያላችሁ ቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ፍራይቡርግ መሄድ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ ጦሩ የዕለት ውሎ የሚመዘግብባቸው ደብተሮች ተማርከው አሜሪካ ሲገቡ በማይክሮፊልም ተነስተዋል፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ኮሌጅ ፓርክ ሜሪላንድ አለ፤ የጦሮቹን ሰነድ «ቲ 312» ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ከሆነ ግን ሰውየው የት ክልል እንደተቀጠረ ይወስነዋል። የፕሩሺያ ጦር ማኅደር ፖትስዳም ነበር፣ በአፕሪል 1945 በአየር ድብደባ አብዛኛው ነደደ። የባቫሪያው ሙኒክ፣ የቩርተምበርጉ ሽቱትጋርት፣ የባደኑ ኮር ሰነድ ካርልስሩኸ ተርፏል። የፓውሉስ 111ኛ ሬጅመንት የባደን ነው።

የጄኔራሎች ትዝታ ላይ ተጠንቀቁ። ከጦርነቱ በኋላ ሃልደር የሚያስተባብራቸው ብዙ የጀርመን ጄኔራሎች ለአሜሪካ ጦር የታሪክ ክፍል ተቀጥረው ጽፈዋል፤ ሲጽፉ ጥፋቱን ወደ ሞተው ሂትለርና ወደ ሌለ ሰው ገፉት። ፓውሉስ በዚያን ጊዜ ሶቪየቶች እጅ ነበር፣ መልስ የሚሰጥ የለም። ትዝታ ስታነቡ ከሁሉ በፊት «ይህ ሲጻፍ የተወቀሰው ሰው የት ነበር?» በሉ።

አሁን በራሳችሁ ሞክሩ፣ ጉደሪያንን ውሰዱ። ዲሴምበር 26 ቀን 1941 ከሥልጣን ተነሳ፣ ቀጣዩ ምድቡ በ1943 መጀመሪያ የታንከኛ ጦር ዋና ኢንስፔክተርነት ነው። በመሃል ያለው ከአንድ ዓመት በላይ ብዙ ጽሑፍ ላይ ባዶ ነው ወይም «በተጠባባቂነት» ይላል። ባዶ አትተዉት። ከሂትለር በስጦታ የሚሰጠውን ርስት በተያዘችው ፖላንድ ሲፈልግ የቆየው በዚያን ጊዜ ነው፣ በ1943 ዳይፐንሆፍ የሚባለውን እርሻ ተረከበ። ከዚያ ወደ 1944 እለፉና የሂትለርን ግድያ በማሴር የተጠረጠሩትን መኮንኖች ከሠራዊቱ ያባረረው «የክብር ችሎት» አባላት እነማን እንደነበሩ ፈልጉ። የእሱን ስም ታገኛላችሁ፣ ምድብ በሚለው ዓምድ ላይ ጻፉት።